ብቻዋን የቆመችው ሆሊ

አገር ቤት ክረምት ስንል ዝናብና ልምላሜ ማለታችን ነው። እዚህ ሜሪላንድ ግን ክረምት ዛፉ ሁሉ ተራቁቶ፣ ጓሮው አመድ መስሎ የሚከርምበት ጊዜ ነው። ልጆቻቸውን ሊያግዙ የመጡት እናቶቻችን ከኅዳር እስከ መጋቢት በመስኮት የሚያዩት ነገር ያጣሉ። ስለዚህ ከማኅበሩ መዋጮ ላይ ቀንሰን በአንዲት እናታችን ደጅ ሆሊ ተከልን። ሆሊ በብርዱ ቅጠሏን አታረግፍም፤ ቀይ ፍሬዋም በረዶ ላይ ሲታይ ፍም ይመስላል ተብለን ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ፤ ፍሬ የለም። ሻጩ ያልነገረን ነገር ነበር። ሆሊ ወንድና ሴት ዛፍ አላት፤ የምታፈራው ሴቷ ናት፤ እሷም ብትሆን ወንዱ በቅርብ ኖሮ በግንቦት ንቦች ካልተመላለሱ ባዶዋን ትቀራለች። እማማ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ብቻዋን ገትራችኋት ኖሯል?» ብለው ሳቁብን።

ጥፋታችንን ስናጣራ ወይዘሪት ኤልዛቤት ኋይት ላይ ደረስን። በ1871 እ.ኤ.አ. የተወለዱ፣ በኒው ጀርሲ ዋይትስቦግ በተባለው የአባታቸው የክራንቤሪ እርሻ ያደጉ ሴት ናቸው። ዛሬ ገበያ የምናገኘው ብሉቤሪ የእሳቸው እጅ አለበት። በ1911 የመንግሥት ተመራማሪ የነበሩት ፍሬድሪክ ኮቪል የጻፉትን አንብበው ደብዳቤ ላኩላቸው፤ ከዚያ ለአካባቢው ሰዎች እየከፈሉ ትልልቅ ፍሬ ያለውን ቁጥቋጦ ከጫካ አስፈለጉ። በ1916 የመጀመሪያው ምርት ተሸጠ።

ሰው የሚያውቃቸው በዚህ ነው። እኛን የነካን ግን ሆሊው ነው። በዚያ ዘመን የገና ጌጥ የሚሆነው ሆሊ ከጫካ እየተቆረጠ ይመጣ ነበር፤ በደላዌር ጉንጉኑን ሠርተው በመሸጥ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ግዛቲቱም በ1939 ሆሊን የራሷ ዛፍ አድርጋ ሰየመች። ወይዘሪት ኤልዛቤት ደግሞ ሆሊን በችግኝ ጣቢያ ማርባት ያዙ፤ በ1947 የአሜሪካ ሆሊ ማኅበር ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ። ከዘር የበቀለች ሆሊ ወንድ ትሁን ሴት እስክታብብ ድረስ ዓመታት ታስጠብቃለች፤ ከምታፈራ እናት ቅርንጫፍ ተቆርጣ ሥር የሰደደች ግን ያለጥርጥር ሴት ናት። ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ፍሬው ለሰው አይበላም፤ ሕፃናት ያሏችሁ ተጠንቀቁ።

ወንዱን ከአጥሩ ጥግ ተከልንላት። ባለፈው ታኅሣሥ እማማ ደውለው አሥራ ሰባት ፍሬ መቁጠራቸውን ነገሩን። ለጥምቀት ስንሄድ ስድስት ቀርቷል። «ወፎቹ ናቸው፤ እነሱንም እያየሁ ነው» አሉን፤ ወንበራቸው መስኮቱ ሥር ነበር።