«መመለሻ ነጥብ» ምን ይመልሳል?

ተማሪ ለጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ሻጭ ከመቶ ብር ላይ መልስ ይቆጥራል፤ ሙሽሮች ከሠርግ በኋላ መልስ ይጠራሉ። ማይክሮሶፍት በ2000 እ.ኤ.አ. በዊንዶውስ ሚሌኒየም ያመጣው፣ የኮምፒውተርን ሲስተም ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው ሪስቶር ፖይንት በአማርኛ «መመለሻ ነጥብ» ሲባል፣ ስሙ ከዚሁ «መለሰ» ከሚለው ግስ ይወለዳል።

ስሙ ግን ያሳስታል። የሚመለሱት የሲስተም ፋይሎች፣ ሬጅስትሪና ድራይቨሮች ናቸው፤ የጠፋ ፎቶ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ አይመለስም። ነገሌ ቦረና ወይም ያቤሎ ውስጥ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለሚሠራ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ፎቶው ፍላሽ ላይም መቀመጥ አለበት።

ነጥቦቹ የዲስክ ቦታ ይይዛሉ። ዲስኩ ጠባብ ከሆነ በ«ሲስተም ፕሮቴክሽን» ገጽ ድርሻቸውን መቀነስ ይቻላል፤ ቦታው ሲሞላ አሮጌዎቹ በራሳቸው ይሰረዛሉ። ጥበቃውን ጨርሶ ማጥፋት ግን የነበሩትን በሙሉ ይደመስሳል።