የአየር ጠባይ ትንበያና የዕድል ስሌት



በመሥሪያ ቤት ውሎው «ሥራው ከመቶ ይህን ያህል ተሳክቷል» የሚል መግለጫ ያልጻፈ ወይም ያላነበበ ጥቂት ነው። ይህን የመሰለ ቍጥር ግን እውነት ሆኖ ሳለ ሊያሳስት ይችላል። ነገሩንም የአየር ጠባይን አስቀድሞ የመናገር ሙያ ታሪክ በግልጥ ያስረዳናል።

ዕድልን በቍጥር የመገመት ትምህርት መሠረቱ የተጣለው፥ ፓስካልና ፌርማ የተባሉት የፈረንሳይ ሊቃውንት በ1654 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ስለ ቁማር ጨዋታ በተጻጻፉት ደብዳቤ ነው። ስሌቱ በአየር ጠባይ ላይ የተፈተነው ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

በ1884 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ይሠራ የነበረው ጆን ፓርክ ፊንሌ፥ ቶርኔዶ የሚባለው አጥፊ ዐውሎ ነፋስ የሚነሣበትን ወረዳና ቀን አስቀድሞ ለመናገር ተነሣ። ካቀረባቸው 2,803 ትንበያዎች ውስጥ «ይነሣል» ያለው 100 ጊዜ ሲሆን፥ 28ቱ ደረሰ፤ 72ቱ ሳይደርስ ቀረ። «አይነሣም» ካለው 2,703 ውስጥ ደግሞ 2,680ው እንደ ቃሉ ሆነ፤ በ23ቱ ግን ዐውሎ ነፋሱ ሳይታሰብ ደረሰ። የተሳካው በጠቅላላው 2,708፥ ይኸውም ከመቶ 96.6 መሆኑ ነው።

ቍጥሩ ላየው ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ዳሩ ግን ግሮቭ ካርል ጊልበርት የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ በዚያው ዓመት ስሌቱን መርምሮ ጉድለቱን ገለጠ። ዐውሎ ነፋሱ የተነሣው 51 ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው ወደ ሰማይ ሳይመለከት ዘወትር «አይነሣም» ቢል ኖሮ 2,752 ጊዜ፥ ማለት ከመቶ 98.2 እውነት በተናገረ ነበር! እንዲህ ያለው ሰው ግን አንዲት ነፍስ እንኳ ባላዳነ ነበር።

ታዲያ የፊንሌ ድካም ከንቱ ነበርን? አይደለም። ማስጠንቀቂያ መኖር አለመኖሩን ሳንለይ የዐውሎ ነፋሱ ዕድል በጠቅላላው ከመቶ 2 አይሞላም፤ ማስጠንቀቂያ በተሰጠበት ጊዜ ግን ከመቶ 28 ነው። ይህም ዐሥራ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ከ51ዱም አደጋ ከግማሽ የሚበልጠውን አስቀድሞ ተናግሯል። እንዲህም ሆኖ ሕዝቡ እንዳይሸበር በማለት የዐውሎ ነፋሱ ስም በመንግሥት ማስታወቂያ እንዳይጻፍ በ1880ዎቹ ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1938 ጸና።

በ1960ዎቹ ግን በዚያው አገር «ይዘንባል፥ አይዘንብም» ከማለት ይልቅ «ዝናብ የመዝነቡ ዕድል ከመቶ 30 ነው» እያሉ ለሕዝብ ማስታወቅ ተለመደ። ትርጓሜው እንዲህ ከተባለባቸው ዐሥር ቀኖች በሦስቱ ያህል ይዘንባል ማለት ነው። ለሁለት ቀን ከመቶ 30 ቢባል ድምሩ 60 አይደለም። የየቀኑ አለመዝነብ ከመቶ 70 ስለ ሆነ፥ የአንዱ ቀን በሌላው ላይ የማይመካ ከሆነ፥ ሁለቱንም ቀን ያለመዝነቡ ዕድል 70 ከመቶ በ70 ከመቶ ተባዝቶ 49 ይሆናል። ቢያንስ አንድ ቀን የመዝነቡ ዕድል እንግዲህ ከመቶ 51 ነው። ዝናብ ግን ዝናብን ስለሚከተል ይህ ስሌት ለመነሻ ብቻ ያገለግላል።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ከመቶ የተባለ ቍጥር በጠረጴዛችን ላይ በቀረበ ጊዜ አስቀድመን «ከየትኛው መቶ?» ብለን እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ እውነት የተናገረ ሁሉ ሕዝብን ጠቅሟል ማለት አይደለምና።