የለማዳ እባቦች የውልደት ጉድለት

የለማዳ እባቦች የውልደት ጉድለት በሰው እጅ በሚረቡ እባቦች ላይ ሲወለዱ ወይም ከእንቁላል ሲፈለፈሉ የሚገኝ የአካል ወይም የነርቭ መዛባት ነው። ጉድለቱ ከወላጆች በዘር ሊወረስ፣ ወይም ፅንሱ ካደገበት ሁኔታ ሊመጣ ይችላል።

የሙቀት ተጽዕኖ

በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖረው ቦል ፓይተን የተባለው ዘንዶ እንቁላል ይጥላል። እናቲቱ እስኪፈለፈሉ ድረስ ለሁለት ወር ያህል እንቁላሎቹን ተጠምጥማ ትጠብቃለች። አርቢዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሎቹን ወስደው ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ሙቀቱ ከመጠን ካለፈ ፅንሱ ሊሞት ወይም የጀርባ አጥንቱ ተጣሞ ሊፈለፈል ይችላል።

በዘር የሚወረስ ጉድለት

በገበያ የሚፈለጉ የቀለም ዓይነቶች «ሞርፍ» ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱ «ስፓይደር» ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው የሸረሪት ድር ከሚመስሉት ቀጫጭን ጥቁር መስመሮቹ ነው። የመጀመሪያው ስፓይደር በ1999 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ገባ፤ የዛሬዎቹም የእርሱ ዝርያ እንደሆኑ ይታመናል። ቀለሙን ለማውረስ አንድ ወላጅ ይበቃል።

ስፓይደር እባቦች ራሳቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንገታቸው ይጠማዘዛል፣ ምግባቸውን ለመንከስ ሲወረወሩም ሊስቱ ይችላሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በውስጠኛው ጆሯቸው ያሉት ሚዛን ጠባቂ ቦዮችና ከረጢት ቅርጻቸው የተበላሸ መሆኑን አሳይቷል። ጉድለቱ ከቀለሙ ጋር አብሮ ስለሚወረስ አርቢዎች አንዱን ከሌላው ሊለዩ አልቻሉም። መንቀጥቀጡ ቀላል የሆነ ወላጅም ክፉኛ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሊወልድ ይችላል። «ሱፐር ሲናሞን» እና «ካራሜል» በተባሉት ሞርፎች ደግሞ የጀርባ አጥንት መጣመም ይታያል።

ክርክር

አንዳንድ አርቢዎች ስፓይደር በደንብ ስለሚበላና ስለሚራባ አይሠቃይም ይላሉ። ተቃዋሚዎች ግን መብላትና መራባት የጤንነት ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ለቀለም ውበት ሲባል ጉድለትን ሆን ብሎ ማራባትም ተገቢ እንዳልሆነ ይከራከራሉ። በብሪታንያ ዓለም አቀፉ የሄርፔቶሎጂ ማኅበር ስፓይደር በራሱ ትርዒቶች እንዳይሸጥ ከልክሏል።

ጥንቃቄ

የሚንቀጠቀጥ እባብ ሁሉ በዘር የታመመ አይደለም። ከፍተኛ ሙቀት፣ መርዝ ወይም የቫይረስ በሽታ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጣ የእንስሳት ሐኪም ምርመራ ያስፈልጋል። የተወረሰው ጉድለት ፈውስ የለውም፤ መከላከያው ጂኑን የተሸከሙትን እባቦች አለማራባት ነው።