የፍሬን ዝለት

በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ፣ ከፌርፋክስ ከተማ በላይ ካለው ተራራ ሪፓክ የሚባል የአፈር መንገድ ይወርዳል። ርዝመቱ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በዚያች አጭር ርቀት ግን ወደ 400 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። እነ ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝና ቻርሊ ኬሊ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መንገድ ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደሙ ነበር። የሚነዷቸው በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ፣ ጎማቸው ወፍራም፣ ክብደታቸው ትከሻ የሚያጎብጥ ብስክሌቶች ነበሩ። የብዙዎቹ ፍሬን የኋላው ሞዞ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ይይዛል። ታች ሲደርሱ ሞዞው ግሎ፣ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። ዳግመኛ ለመውረድ ሞዞውን ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ነው። “ሪፓክ” የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው።

የዘመናዊው የተራራ ብስክሌት ታሪክ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ስሙን ያገኘው ከፍሬን ችግር ነው ማለት ነው። ችግሩ በእንግሊዝኛ “ብሬክ ፌድ” ይባላል፦ ፍሬን በሙቀት ብዛት የመያዝ ኃይሉን ለጊዜው ሲያጣ። አማርኛችን ለዚህ እስካሁን የረጋ ቃል የለውም። ቃል በቃል ቢመለስ “መደብዘዝ” ይሆናል፤ ቀለም ይደበዝዛል እንጂ ፍሬን አይደበዝዝም። ጋራዥ ውስጥ የሚሰሙት ቃላትም ሌላ ነገር ነው የሚሉት። “ፍሬኑ በጠሰ” ሲባል ጨርሶ ሄዷል፤ “ላላ” ሲባል ገመዱ ይጠበቅ ማለት ነው፤ “አልይዝ አለ” የሚለው ደግሞ ምልክቱን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም።

እዚህ የቀረበው ቃል ዝለት ነው። ሸክም ተሸክሞ ሩቅ የሄደ ሰው ክንዱ ይዝላል፤ አልተሰበረም፣ አልታመመም፣ ትንሽ ካረፈ ጉልበቱ ይመለሳል። ፍሬንም እንዲሁ ነው። ቁልቁለቱ መሐል ላይ እምቢ ያለው ፍሬን ሩብ ሰዓት ጥላ ሥር ከቆመ በኋላ ብዙ ጊዜ ምንም እንዳልሆነ ይይዛል። ያ መመለሱ ነው አደጋው፤ ባለቤቱ “ተሽሎታል” ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ቃሉ ለአፍም ይመቻል፦ ፍሬኑ ዛለ፣ እየዛለ ነው፣ ቶሎ የማይዝል ፍሬን።

ዝለት ከየት እንደሚመጣ ለማየት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑና 400 ሜትር ቢወርዱ፣ በመውረዱ የሚለቀቀው ኃይል አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል። የቀረውን፣ ፍሬኑ የዲስክ ከሆነ፣ የሚሸከሙት ሁለት ስስ የብረት ዲስኮች ናቸው፤ 160 ሚሊ ሜትር የሆነው ዲስክ ብዙውን ጊዜ 150 ግራም እንኳ አይሞላም። ጀበና የሚያፈላ ሙቀት በዚያች ቅጠል በምታህል ብረት ላይ ሲያርፍ ማሰብ ነው።

ዝለት ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚለያቸው ጣት ነው። የመጀመሪያው የሸራ ዝለት ነው። የፍሬኑ እጀታ እንደወትሮው ጠንካራ ነው፣ ሲጨበጥ ይቆማል፤ ብስክሌቱ ግን አይቆምም። ሸራው ከልክ በላይ ስለጋለ ዲስኩን መቆንጠጥ አቅቶታል፣ ብዙ ጊዜም የተቃጠለ ሽታ አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው የዘይት ዝለት ነው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። እጀታው ልክ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና እስከ መሪው ድረስ ይጠጋል። ውስጡ ያለው የፍሬን ዘይት ፈልቶ አረፋ ሆኗል፤ ዘይት አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል፤ የጣት ጉልበት ሸራው ጋ ሳይደርስ አረፋው ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ ፍሬን ሲመረጥ “ምን ያህል ይይዛል?” ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ሱቅ በር ላይ ሁሉም ይይዛል። ጥያቄው ሳይዝል ስንት ደቂቃ ይቆያል የሚለው ነው።

ዘይቱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የብስክሌት ፍሬኖች በሁለት ይከፈላሉ፦ ዶት የሚባለውን የመኪና ዓይነት ዘይት የሚጠቀሙና ማዕድን ዘይት የሚጠቀሙ። ዶት 4 አዲስ ሲሆን በመስፈርቱ መሠረት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ነገር ግን ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ከ100 እጅ 4 እጅ እንኳ የማይሞላ ውሃ ሲገባበት መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ዓመታት ሳይቀየር የቆየ ዘይት በፍጥነት የሚያዝለው ለዚህ ነው። ሺማኖና ማጉራ የተባሉት ፍሬን አምራቾች የሚጠቀሙበት ማዕድን ዘይት እርጥበት አይስብም። ዶት 4 በየመኪና መለዋወጫ ሱቁ ስለሚገኝ ግን “ያው የፍሬን ዘይት ነው” ተብሎ ማዕድን ዘይት በሚፈልግ ፍሬን ውስጥ ሲጨመር ጎሚኒውን ያበላሸዋል፤ ፍሬኑም ሊጣል ይችላል። የትኛው እንደሚገባ አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ላይ ተጽፏል። ሳያነቡ ክዳኑን መክፈት አይገባም።

ዲስኩ ሲሰፋ ሁለት ጥቅም አለው። በእኩል አጨባበጥ 203 ሚሊ ሜትር ዲስክ ከ160 በ27 በመቶ የበለጠ ያቆማል፤ ሙቀቱን የሚበትንበት ገጽም ይሰፋል። ረጅም ቁልቁለት ለሚወርድ ወይም ሰውነቱ ለከበደ ሰው ከውድ ፍሬን በፊት ሰፊ ዲስክ ይሻላል፤ ፎርኬታውና ሻንሲው የሚችሉትን መጠን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግን ግድ ነው።

ሸራ ደግሞ በሙጫ የተጣበቀ ወይም ከብረት ዱቄት የተጋገረ ይሆናል። የመጀመሪያው ድምፅ የለውም፣ ሲጀመር ቶሎ ይይዛል፣ በሙቀት ግን ቀድሞ ይዝላል። የብረቱ ይጮኻል፣ ዝናብና ጭቃ ላይ ይጸናል፣ ሙቀትም ይችላል። አንዳንድ ርካሽ ዲስኮች የብረት ሸራ እንደማይቀበሉ ላያቸው ላይ ተቀርጿል።

በገመድ የሚሳብ የዲስክ ፍሬን ሊናቅ አይገባውም። የሚፈላ ዘይት ስለሌለው ሁለተኛው ዝለት አይነካውም፤ ገመዱም የትም ይገኛል። ሸራው ሲበላ በእጅ ማስተካከልን ይጠይቃል፣ ያንን ለሚችል ሰው ታማኝ ዕቃ ነው።

አነዳዱም ድርሻ አለው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ፍሬን እየረገጠ አይወርድም፤ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል። ብስክሌት ሞተር የለውም፤ በፔዳሉ መቋቋም ስለማይቻል ያለው ዘዴ ከኩርባ በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ ወዲያው መልቀቅ ነው። ዲስኩ የሚቀዘቅዘው በተለቀቀባት ጊዜ ነው። ፈራ ተባ እያሉ እስከ ታች ድረስ በስሱ ጨብጦ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ፍሬኑን ፋታ ነስቶ የሚያዝለው ግን ይኸው ነው።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው የዝለትን አሻራ በዓይኑ ማየት ይችላል። ዲስኩ ወደ ሰማያዊ ካደላ ከልክ በላይ ግሎ ያውቃል። ሸራው ወጥቶ ሲታይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ገጹ ተቃጥሏል። አዲስ የሺማኖ ዲስክ 1.8 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ 1.5 ሲደርስ ይቀየራል። እጀታውን ጨብጦ ለግማሽ ደቂቃ መያዝም ጥሩ ፈተና ነው፤ እየሰመጠ ወደ መሪው ከተጠጋ፣ ገና ሳይወርድ የዛለ ፍሬን ነው።