አርትስና ሳይንስ በአንድ ዲግሪ፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

አንድ ተማሪ አርትስንና ሳይንስን አጣምሮ የሚመረቅበት ዲግሪ በአገራችን እንግዳ ሐሳብ ይመስላል። ይህ አጭር ጽሑፍ እንግድነቱ የመጣው ከዕውቀቱ ባሕርይ ሳይሆን ከተቋማቱ አደረጃጀት መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

በአብነት ትምህርት ቅኔንና ባሕረ ሐሳብን አንድ ላይ የያዙ ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ዓመተ ዓለምን ለ19 ገድፎ ከቀሪው 1 በማተት ወንበርን ያገኛል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 በመግደፍ አበቅቴን ያወጣል። ሰምና ወርቅ የሚያዋሕደውና ቁጥር የሚቀምረው አእምሮ አንድ ነበር።

በ1943 ዓ.ም. ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሉሲየን ማት የመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ አርትስና ሳይንስ በአራት ኪሎ በአንድ ግቢ ይሰጡ ጀመር። ይሁን እንጂ የግቢው አንድነት የዲግሪ አንድነት አላስገኘም፤ ተማሪው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይመረቅ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ ሳይንስ በአራት ኪሎ ሲቀር አርትስ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ።

ክፍፍሉ ከዚያ ወዲህ ወደ ታች ወረደ። የ1986ቱን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ በመጣው የመሰናዶ ትምህርት ተማሪው ገና በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ሆኖ ተለየ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ ተደለደለ። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ የሳይንሱ ተማሪ አንትሮፖሎጂን፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ ሒሳብን ተማረ፤ መቀራረቡ ግን ከአንደኛው ዓመት አላለፈም።

የክፍፍሉ ጉዳት ለቋንቋ ጥናት ክፍል ሩቅ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እንደሚያስገነዝበን፣ ለአንድ ሳይንሳዊ ጽንሰ ሐሳብ የአማርኛ ስያሜ ማውጣት ጽንሰ ሐሳቡንም የቃሉን አረባብም ማወቅ ይጠይቃል። ፊዚክስ የሚያውቀው ስለ ግእዝ ሥር፣ ግእዝ የሚያውቀው ስለ ፊዚክስ ካልተማረ ስያሜው ወይ ስሕተት ወይ ባዕድ ይሆናል።

ስለዚህ ጥምር ዲግሪ አዲስ ሕንፃ አያሻውም። የሚያሻው አንድ ተማሪ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ የተማረውን በአንድ ማስረጃ የሚያውቅለት ደንብ ነው። ሁለቱን ግቢዎች የሚለያያቸው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው፤ ያልተሄደው የደንቡ መንገድ ነው።