የራምቦ ደብዳቤዎች

ከቢዮ አዋሌ ወደ ጂዳ የሄደች ልጅ ስትደውል የምትለው ይታወቃል፦ ደህና ነኝ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ አታስቡ። ከ140 ዓመት በፊት በዚሁ በድሬዳዋ ገጠር በኩል በግመል ያለፉት የአንድ ስደተኛ ደብዳቤዎች ግን ሌላ ወሬ ነው የያዙት።

ስደተኛው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በ1880 መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በ26 ዓመቱ የአንድ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። ሥራው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ መግዛት ነበር። ድሬዳዋ ገና አልተቆረቆረችም፤ የዘይላው ሲራራ የሚያልፈው በጀልዴሳ ነው። ፖስታውም በዚያው ወርዶ በኤደን በኩል በመርከብ ይሄዳል። (ሐረር ውስጥ «ራምቦ ቤት» የሚባለውን ደግሞ የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው።)

ግጥም ፈልጎ ደብዳቤዎቹን የሚያነብ ሰው ያዝናል። እናቱንና እህቱን «ውድ ወዳጆቼ» ብሎ ይጀምርና ወደ ምሬቱ ይገባል፦ ሥራው ሰለቸኝ፣ ትርፉ ትንሽ ነው፣ የአናጢነትና የብረታ ብረት መጽሐፍ ላኩልኝ። በ1883 ከሐረር የጻፈው ላይ አግብቶ ወንድ ልጅ ቢወልድና መሐንዲስ ቢያደርገው ይመኛል። በ1887፣ ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጦ ሲመለስ፣ ከካይሮ የጻፈው ደግሞ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ ስለሚዞርና ተቅማጥ ስላስያዘው ነው።

እንዲህ እንዲያማርር ምን አደፋፈረው? መቼስ ፈረንጅ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። እናቱ እርሻ ነበራት። እንዲያውም እሱ ባጠራቀመው ገንዘብ መሬት ገዝታለታለች። ለጉዞው የተሸጠ በሬ፣ ለደላላ የተበደረ አባት የለም። ብድሩ ያልተከፈለባት የእኛ ልጅ ግን «ሥራው ከበደኝ» ብትል፣ ቃሏ አበዳሪው ጆሮ እስኪገባ ስንት ቀን ይፈጃል?

በ1891 ጉልበቱ አብጦ 16 ሰዎች በቃሬዛ ወደ ዘይላ አወረዱት። በዚያው ዓመት ኅዳር ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ደብዳቤዎቹን በ1899 ያሳተመው የእህቱ ባል ነው። ጽሑፉን እያስተካከለ፣ አማቹ አገኘሁ ያለውንም ገንዘብ ከፍ እያደረገ።