የሐበሻ ውሻ፣ የጀርመን ውሻ እና ከ1903 ጀምሮ የሚከተለን በሽታ

ባለፈው ሳምንት ከቂሊንጦ በኩል አንድ አርሶ አደር ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የጀርመን ውሻ ቡችላ ልገዛ ነው። ጅቡም ሌባውም አስቸገረኝ። ምን ትለኛለህ?» አሉ። «ጋሼ፣ ቤት ያለው መቻልስ?» አልኳቸው። «እሱማ የሐበሻ ውሻ ነው፣ ምን ይሆናል ብለህ ነው!» ተከትቦ ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ሳቃቸው ከጆሮዬ አልጠፋም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጤፍና ስለ ማዳበሪያ አይደለም የምጽፈው፣ ስለ ውሻ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

ውሻ ከሰው ጋር ከ15,000 ዓመት በላይ ኖሯል። ዛሬ በስም የምንጠራቸው የፈረንጅ ዝርያዎች ግን አብዛኞቹ ተለይተው የወጡት ባለፉት 200 ዓመታት ውስጥ ነው። ሰው ለሥራው የሚስማማውን እየመረጠ ሲያዳቅል ጠባዩም በዚያው ተቀረጸ። የጀርመን ሸፐርድን ያቋቋመው ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን ነው፣ ጊዜው 1899። ያኔ የበግ እረኛ ውሻ ነበር። ፋብሪካ በዝቶ የበግ መንጋ ሲቀንስ ሰውየው ውሻውን ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት አቀረበው። የዚህ ውሻ ጠባይ ከዚህ ታሪክ ይገባናል፤ ትእዛዝ ይፈልጋል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ሲሮጥ ይውላል። በአጭር ሰንሰለት ከግንድ ጋር አስራችሁ ብትተዉት ይበሳጫል፣ ልጅም ሊነክስ ይችላል። ጥፋቱ የዝርያው አይደለም፣ ሥራ ፈትቶ ስለሚውል ነው።

ሮትዌለርም እንዲሁ ነው። ስሙን ያገኘው ሮትቫይል ከምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ ሲሆን ከብት ይነዳ ነበር፣ የሥጋ ነጋዴ ጋሪም ይጎትት ነበር። የከብት ውሻ ነው ማለት ነው፣ የኛው ሰው! ባቡር መጥቶ ከብቱን ሲጭን ሥራ አጥቶ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቺዋዋ አለ። ሽማግሌዎቻችን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሉሉ ያስታውሱታል። ቺዋዋ አንድን ሰው ይወዳል፣ ሌላውን ሁሉ ይጠራጠራል። አፉ ጠባብ ስለሆነ ጥርሱ ይተፋፈግና ይበሰብሳል፣ የጉልበቱ ሎሚም ይወልቃል። ለቤተ መንግሥት እንጂ ለአቃቂ ጅብ አይሆንም።

ጀርመን ሸፐርድና ሮትዌለር ትልቁ ችግራቸው የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። በዘር ይተላለፋል፤ ውሻው አድጎ ከኋላው ሲነሳ ያነክሳል። ስለዚህ ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት እናትና አባቱ ሲራመዱ ተመልከቱ። ሻጩ ወላጆቹን ካላሳያችሁ ተመለሱ። ሁለተኛው ፓርቮ ነው። ይህ ቫይረስ በዓለም ላይ የታወቀው በ1978 ሲሆን በሁለት ዓመት ውስጥ ምድርን አዳርሷል። ቡችላው ያስመልሰዋል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል፣ በጥቂት ቀን ይሞታል። እነዚህን ሁለት ዝርያዎች ከሌላው አጥብቆ ይይዛቸዋል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ቡችላ በሞተበት ግቢ ሳይውል ሳያድር ሌላ ማምጣት ገንዘብ መጣል ነው። ወለሉ በበረኪና ይታጠብ።

አሁን ወደ መቻል። የሐበሻ ውሻ በዘር መዝገብ የተያዘ ዝርያ አይደለም። ማንም መርጦ አላዳቀለውም፣ የመረጠው ኑሮ ነው። ሙቀቱን፣ ብርዱንና ረሃቡን ያልቻለው ሞቷል፣ የቻለው ወልዷል። ዳሌው ብዙም አያስቸግረውም። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ የቤቱን ሰው ለይቶ ያውቃል። ለጥበቃ ከዚህ የሚበልጥ ውሻ ለማግኘት ብር ማውጣት አለባችሁ ብዬ አላምንም። ጋሼ «ምን ይሆናል» ያሉት ግን ስህተት ነው።

የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት በ1884 የእብድ ውሻ በሽታ በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ተነስቶ ነበር። በ1903 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና 20 ዓመት አልሞላትም። በመካከሉ፣ በሐምሌ 1885፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አድኖ ነበር። ሕዝባችን የሚያውቀው ግን የእንዶድ ሥርና የመሳሰለውን ነው። እንዶድ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ቫይረሱን ግን አይነካውም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ዛሬም በዓለም ላይ የለም። የሚያድነው ከዚያ በፊት መከተብ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የፓስተር ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል፣ ሰፈሩን ግን ሰው አሁንም ፓስተር ይለዋል። ትልልቆቹ የሚያስታውሱት ያ ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚሠራ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋል። ብዙ ሰው መርፌውን ፈርቶ ይቀር ነበር፣ ወሬውም እስከ ዛሬ አለ። እባካችሁ ይህን ወሬ አቁሙት፤ አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ ነው የሚሰጠው፣ 4 ወይም 5 ጊዜ ብቻ።

ከተማው ለረጅም ጊዜ የተጠቀመው መፍትሔ መርዝ ነበር። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይገደላሉ፣ ከዓመት በኋላ ሌሎች ቦታቸውን ይይዛሉ። በሽታው አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከውሾቹ 70 በመቶውን ከተከተቡ መተላለፉ ይቆማል ነው። የመቻል ክትባት የጋሼ የግል ጉዳይ ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

ያልተከተበ ውሻ ምን እንደሚያደርስ ባሌ ላይ ታይቷል። በ2003 መጨረሻ በሽታው ከእረኞች ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተላለፈና በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ ከ500 አይበልጡም፣ ያሉትም እኛ አገር ብቻ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እዚያ የገባው ሞት ነው።

በሽታው ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም። ዝም የሚለው ዓይነት አለ። ውሻው ጥግ ይይዛል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል። ባለቤቱ አጥንት ተሰክቶበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ላምም ከተነከሰች እንዲሁ ነው፣ ታጓራለች፣ ለሐጭ ታዝረበርባለች፣ የታነቀች ትመስላለች። እጃችሁን አታስገቡ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብና ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰው ውሻ ከተያዘ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፣ ሰውየው ግን ቀኑ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከበዓል እርድ ጋር ስለሚያያዝ። በግ ስናርድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት እናገኝና ለውሻ እንወረውራለን። ከዚያ ቋት ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይፈለፈላል፣ እንቁላሉ በኩሱ ወጥቶ ግጦሽ ላይ ይበተናል፣ በጉ ይበላዋል፣ የልጆቻችንም እጅ ላይ ይገኛል። የበግ አዙሪትም ጭንቅላቱን ለውሻ ከመስጠት የሚመጣ ተመሳሳይ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ቀቅላችሁ ስጡ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ቅበሩት። ውሻውም በየጊዜው የትል መድኃኒት ይውሰድ።

ቅዳሜ ጋሼ ቤት ሄጄ ነበር። መቻል አላስገባኝ ብሎ በር ላይ ግማሽ ሰዓት አቆመኝ፣ ጋሼ ደስ ብሏቸው ይስቃሉ። የጀርመኑን ቡችላ ገና አልገዙም። መቻልን ግን ሰኞ በገመድ እየጎተቱ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስደውታል፣ የጎረቤታቸውን ሁለት ውሾችም አስከትለው።